ሁለተኛው ማንኪያ

፩

«በሞቴ!»

አቶ ወንድይፍራው በሠርግም በዝክርም ሰው የሚያጎርሱት በዚህች ቃል ነበር። አጎራረሳቸው ምሕረት አያውቅም። «በቃኝ» ሊል አፉን የከፈተ እንግዳ፣ ቃሉን ሳይጨርስ ጎርሶ ይገኛል።

፪

ከዚያ ስትሮክ መታቸው። እጅና እግራቸው ቀስ በቀስ መለስ አለ፤ ጉሮሯቸው ግን አኮረፈ። አመጋገባቸው በአፍንጫቸው በገባ ቀጭን ቱቦ ሆነ። (ቱቦውን አልገልጸውም፤ አንባቢ እየበላ ሊሆን ይችላል።) ውሃ እንኳ ቢቀምሱ ትን ይላቸዋል። ሐኪሙም ምግብ ወደ ሳንባ ከገባ ሊገድላቸው እንደሚችል ሳይደብቅ ነገራቸው።

ፈሩ። ከሞት ይልቅ የፈሩት ግን በአፍንጫ እየበሉ መቅረትን ነው።

፫

ለጠያቂዎች የወጣ መመሪያ (በሆስፒታል ክፍላቸው በር ላይ የተለጠፈ፣ ማንም ያላነበበው)

ምግብ ይዘው አይምጡ።

ይዘው ከመጡ አያጉርሱ።

ካላጎረስኩ ካሉ፣ ባለቤታቸውን ያጉርሱ።

የመጨረሻዋን መስመር በእስክሪብቶ የጨመሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። ጠያቂ ማስቀየም አይሆንላቸውም። ስለዚህ ለባላቸው የተዘረጋውን ጉርሻ ሁሉ ቀድመው ይጎርሱታል። የባል ሱሪ ከወገብ እየወረደ፣ የሚስት ቀሚስ አልቆለፍ አለ።

፬

እትዬ ዘነቡ (ታላቅ እህት)፦ አንገቱ ላይ የለጠፍሽው ምንድነው?

ፌቨን (የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ)፦ ጉሮሯቸውን በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ ነው። ሲነዝራቸው ለመዋጥ ይሞክራሉ፤ ጡንቻው እንዲበረታ።

እትዬ ዘነቡ፦ ጉሮሮም በመብራት ሆነ? ሲጠፋስ?

ፌቨን፦ ባትሪ አለው፣ እትዬ።

እትዬ ዘነቡ፦ ባትሪ ካለውማ ይቺን ዶሮ ላጉርሰው!

(ወይዘሮ ስንዱ አፋቸውን ከፈቱ።)

፭

ፌቨን ከመዋጥ ሌላ አንድ ነገር አስጠናቻቸው።

«በአፍዎ መዋጥ መቻልዎ በሚፈተንበት ቀን አንድ ማንኪያ ብቻ ነው፣ አባባ። ጉሮሮዎ ገና ቶሎ ይደክማል፤ ሁለተኛው ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ማንም ቢለምንዎት ‹በቃኝ› ይበሉ።»

ምላሳቸው ስለሚኮላተፍ ቃሏን ለማውጣት ያልባቸዋል። በሕይወታቸው ብለዋት አያውቁም። ሌላው ሲላትም አምነው አያውቁም። ጉንጫቸው ተወጥሮ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ እንግዶቻቸው አንድ በአንድ ትዝ አሏቸው፤ አፈሩ።

፮

የፈተናው ቀን ክፍሉ በዘመድ ጢም አለ። ፌቨን የአንገታቸውን ማሽን አበራች፤ ወፈር ያለ አጥሚት በማንኪያ ሰጠቻቸው። ነዘራቸው።

ዋጡ።

ትን አላላቸውም! እልልታው ነርሶቹን አስደነገጠ። ፌቨን እየሳቀች ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች። ወይዘሮ ስንዱ በደስታ አለቀሱ። ያን ሁሉ ጊዜ በገዛ አፋቸው ባላቸውን ሲጠብቁ የከረሙት እኚሁ ሴት እንባቸውን ጠራርገው ማንኪያውን አነሱ። ባልን በአንድ ጉርሻ መተው እንዴት ይሆንላቸዋል?

«ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን! በሞቴ!»

«በሞቴ እያለችህ እኮ ነው!» አሉ እትዬ ዘነቡ።

አቶ ወንድይፍራው ፌቨን ያስጠናቻቸውን ቃል ፈለጓት። አገኟት። ምላሳቸው ጫፍ ላይ ናት። ለመናገር ግን አፍ መክፈት ያስፈልጋል።

ማንኪያው ከንፈራቸው አጠገብ ደርሷል።

ከፈቱ።

፯

«በቃ……………………»