አርባ ሦስት ኪሎ

ወሰንየለሽ ቴፒ ከተማ ዳር ባለ አንድ የቡና መቀሸሪያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባስኩላ በሚባለው ትልቅ ሚዛን ላይ ሠርታለች። ወደ መጋዘኑ የሚገባውም የሚወጣውም ጆንያ በእሷ ዓይን ሥር ያልፋል። ቀጭን ናት፤ ድምፅዋ ግን ግቢውን ይሞላል። ለነጋዴ አድልታ፣ ከገበሬ አጉድላ እንደማታውቅ ሁሉም ይመሰክርላታል።

ሐምሌ ሲገባ ሳዲቅ የሚባል የደም ባንክ ባለሙያ ከሚዛን ከተማ መጣ። ሥራ አስኪያጁን አቶ ኃይለሚካኤልን ሲያነጋግር እሷም ቢሮ ውስጥ ነበረች።

“ደም የሚለግሱልን አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው” አለ ሳዲቅ። “አሁን ትምህርት ተዘግቷል፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆችም ወደየቤታቸው ሄደዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ማቀዝቀዣችን ባዶውን ይቀራል። ወላድ ደግሞ ክረምት ነው ብላ አትጠብቅም። ለዚህ ነው ወደ መሥሪያ ቤቶች የመጣነው።”

“እኔ ደስ ይለኛል” አሉ አቶ ኃይለሚካኤል። “ግን አምና ጠርተን የመጣው ሦስት ሰው ነው። ጫኞቹ ደም የሰጠ ሰው ጆንያ ማንሳት ያቅተዋል ይላሉ።”

“ለእኔ ይተዉት” አለች ወሰንየለሽ።

ነገሩ የቆየ ቁጭቷ ነበር። ሦስት ጊዜ ልትለግስ ሄዳ ሦስቱንም ጊዜ መልሰዋታል። ለመለገስ ቢያንስ አርባ አምስት ኪሎ መመዘን ያስፈልጋል፤ እሷ እዚያ ደርሳ አታውቅም። ይህን ለማንም አልነገረችም። የሰው ቡና ስትመዝን የምትውል ሴት ራሷ ከሚዛን ጎደለች መባሏ ያሳፍራት ነበር።

በምሳ ሰዓት ብልሽት ቡና ከጥሩው ከሚለዩት ሴቶች ጋር እየተቀመጠች ታወራቸው ጀመር። ሐያት የምትባለው ስሟን ቶሎ አስመዘገበች፤ ሌሎቹ ግን እናስብበት አሉ። ወደ ጫኝና አውራጆቹ ስትሄድ አለቃቸው ተካ ጠበቃት። ተካ ጆንያ ተሸክሞ እየሳቀ የሚሮጥ፣ የሸኮ አገር ሰው ነው።

“እትዬ ወሰንየለሽ፣ አንቺ ስንቴ ሰጥተሻል?”

ዝም አለች።

“አያችሁ! ራሷ ያልሰጠችውን እኛን ስጡ ትለናለች!” ጫኞቹ ሳቁ። እሷ ፊቷ እየጋለ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ያን ቀን እስኪያልቅ ከክብደት ቁጥር በቀር ቃል ከአፏ አልወጣም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሠራተኛው ለስም ጥሪ እንደተሰበሰበ፣ ጫማዋን አውልቃ ባስኩላው ላይ ወጣች።

“ተካ፣ ና አንብብ።”

ተካ ጎንበስ ብሎ አየ። “አርባ ሦስት” አለ በቀስታ።

“ሁሉም ይስማ።”

“አርባ ሦስት ኪሎ!”

“ደም ለመስጠት አርባ አምስት ያስፈልጋል። ሦስቴ ሄጄ ሦስቴ መልሰውኛል። ትናንት ስትጠይቀኝ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። እኔ የጎደለኝ ሁለት ኪሎ ነው። እናንተስ ምን ጎደላችሁ?”

ሐያት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና “ሃምሳ ሁለት!” ብላ ራሷ አነበበች። ከኋላዋ ሴቶቹ ተሰለፉ። ተካ ለጓደኞቹ በሸኮኛ አንድ ነገር ተናገረና ወደ ወሰንየለሽ ዞረ።

“ጆንያውስ?”

“የዚያን ቀን ከባድ ነገር አይነሳም። አቶ ኃይለሚካኤል ጭነት እንዳይኖር አድርገዋል፤ የቀን ክፍያችሁም አይቆረጥም። በማግስቱ ግን እንደ ልብህ ነው።”

ተካ ባስኩላው ላይ ወጣ። ሰባ ስምንት።

ሳዲቅ ሊመጣ በተቀጠረበት ቀን ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ሦስት ሰዓት ላይ ሳዲቅ ደወለ። “እትዬ ወሰንየለሽ፣ መኪናችን ከከተማው በፊት ካለው ዳገት ሥር ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ የምንደርስ አይመስለኝም።”

ተካ ከጎኗ ቆሞ ይሰማ ነበር። ገመድ አነሳ፤ አሥራ አራት ጫኞች አይሱዙ ላይ ተንጠላጥለው ወጡ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የደም ባንኩ መኪና ጭቃ እንደለበሰ በግቢው በር ገባ፤ ከኋላው ጫኞቹ ያልጨቀየ ጥርሳቸው ብቻ እየታየ ይዘፍናሉ። ሳዲቅ ግን ገፍተው የመጡትን ወዲያው አልነካም። ታጥበው፣ ሻይና ዳቦ ቀምሰው፣ ደህና አድርገው እስኪያርፉ ድረስ ሴቶቹን አስቀደመ።

ዘበኛው አስረስ ዕድሜያቸው አልፏል ተብለው ሲመለሱ ተቆጡ። “እኔ ከእነዚህ ሁሉ እጠነክራለሁ!” ወሰንየለሽ ክንዳቸውን ይዛ “ጋሼ አስረስ፣ የተመለስነው ብዙ ነን። ይምጡ፣ ከእኔ ጋር ሰው ያስተናግዱ” አለቻቸው። ቀኑን ሙሉ ሻይ ሲያድሉ ዋሉ።

ተካ አልጋው ላይ ተጋድሞ ደሙ በቱቦው ሲወርድ አየ።

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው” አለው ሳዲቅ።

“ለዚህ ነው አምና የሸሸሁት?”

ሲመሽ ሃምሳ ሦስት ከረጢት ደም ተሞልቶ ወደ ሚዛን ሄደ። በማግስቱ ተካ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው የመጀመሪያውን ጆንያ ትከሻው ላይ ጣለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳዲቅ ደወለ። ወሰንየለሽ ሰምታ ስትጨርስ ሠራተኞቹን ጠራች።

“ከማጂ በኩል በአምቡላንስ ሚዛን ሆስፒታል የደረሰች ወላድ ነበረች። ብዙ ደም ፈሷት ነበር። የተሰጣት ከዚህ ግቢ የሄደ ደም ነው። እሷም ሕፃኑም ደህና ናቸው።”

ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሼ አስረስ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“የማን ደም ነው? የእኔ ይሆን?” አለ ተካ።

“ይህን አይነግሩንም። የሁላችንም ነው” አለች ወሰንየለሽ፤ እንዲህ ስትል አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ቀይ ቡና በየመንገዱ ሲታይ፣ ተካ ከአይሱዙ ሾፌሮችና ከጎረቤት የእንጨት ሥራ ቤት ሰዎች ጋር ሆኖ መጣ።

“ከሰጠን ሦስት ወር ሞልቶናል፤ አሁን ደግመን መስጠት እንችላለን። እነዚህም ጨምሩን ይላሉ። ሳዲቅ መቼ ነው የሚመጣው?”

ወሰንየለሽ ወዲያው ደወለች። ሳዲቅ እስክትጨርስ ሰምቶ ሳቀ።

“እትዬ ወሰንየለሽ፣ ሁልጊዜ ደውሎ የሚለምነው እኔ ነበርኩ” አለ። “ስንት አልጋ ይዤ ልምጣ?”

“ያለህን ሁሉ” አለችው።