አባባ ሾላው ሥር አረፉ

አባባ ቢሆነኝ በትራክተር ተጭነው ጀበሉን አልወጣም አሉ። «እንደ ሰሊጥ ጆንያ ተጎታች ላይ አልወረወርም። በእግሬ ነው እምወጣ።» ክርክሩ እዚያው አለቀ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አክፍለው እህልም ውኃም አልቀመሱም። ቀኑ ቅዳም ሥዑር ነበር፤ ቆላዋ ኮኪት ገና በሦስት ሰዓት እንደ ምድጃ ግላለች።

ጀበል የሚሉት ከእርሻቸው ጀርባ ያለውን ተራራ ነው። ቃሉ ከሱዳኖች የመጣ ሆኖ ትርጉሙም ያው ተራራ ነው፤ ቤተሰቡ ግን የቦታው ስም አድርጎት ቀርቷል። ከላዩ ላይ አባባ በጎልማሳነታቸው እርሻቸውን እየጠበቁ ያደሩባት የድንጋይ ጎጆ አለች፤ ከጎጆዋ አለፍ ብሎ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን። ፋሲካ በደረሰ ቁጥር ጎንደርም ሳንጃም መተማም የተበተነው ዘመድ እዚያች ጎጆ ይሰበሰባል፤ ሁለት ሦስት ቀን ነፋስ ይቀበልና ወደየሙቀቱ ይመለሳል።

ዘንድሮ ግን የመጡት ለነፋሱ ብቻ አልነበረም። ሰኞ ጧት፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ለአባባ መርዶ ሊነገራቸው ነው።

የሞተው እንዳልካቸው ነው፤ የአባባ የመጨረሻ ልጅ፣ የእሌኒ አባት። በጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ከሞተ ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። ወሬውን ከድንበር ማዶ ያመጣው አብዱረሕማን የሚባል የመተማ ነጋዴ ሲሆን የነገረውም ለእንዳልካቸው ታላቅ ወንድም ለፀሐዩ ነበር። ያን ጊዜ አባባ በልብ ሕመም ተኝተው ገና መውጣታቸው ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይደርስባቸው ብሎ አስጠንቅቋል። እናም መርዶው ተራዘመ። መጀመሪያ ትንሽ ይጠንክሩ ተባለ፣ ከዚያ ክረምቱ ይውጣ፣ ከዚያ አዝመራው ይግባ፣ ከዚያ ጾሙ ይለፍ።

እሌኒ ኮኪት የአማርኛ መምህርት ናት፤ ከአባባ ጋር የምትኖረውም እሷው ናት። አባባ ዓይናቸው ስለደከመ የእንዳልካቸውን መልእክት ከስልክ ላይ የምታነብላቸው እሷ ነበረች። መልእክቱ በቆመ በሁለተኛው ወር አንድ ማታ «ዛሬም አልጻፈም?» አሏት። ፊታቸውን አየችና «ጽፏል» አለች። ከዚያ ወዲያ እንዳልካቸው በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጽፍ ጀመር። ተማሪዎቹ ለዕረፍት ሲወጡ እሷ ባዶ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ በራሷ ስልክ ትጽፋለች፤ ማታ ታነባለች። አባባ ሲሰሙ ይደነቁ ነበር።

«ሱዳን ገብቶ አማርኛው ጠራ እኮ። እዚህ እያለ አንድ ነገር ተናግሮ አይጨርስም ነበር።»

አባባ እንዳይጠረጥሩ ብላ ጥቁር አልለበሰችም። ለእሷም እግዜር ያጥናሽ ያላት ሰው የለም።

ይህን የመጻፏን ነገር ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መርዶው ሲነገር አባባ ምን ብለው እንደሚጠይቁ ግን ታውቃለች፤ ታዲያ ማን ነው ሲጽፍልኝ የኖረው? ያን ጥያቄ በዘመድ ሁሉ ፊት እንዲጠይቋት አልፈለገችም። ከሰኞ በፊት፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ሁሉንም ራሷ ልትነግራቸው ቆርጣለች። ስለዚህ አባባ በእግሬ ነው ሲሉ «እኔ አብሬያቸው እሄዳለሁ» ያለችው እሷ ናት።

ፀሐዩ በጉንና የውኃውን ጀሪካን ጭኖ ትራክተሩን ሲያስነሳ ከላይ ሆኖ ሳቀባት። «መምህርት፣ አደራ፤ አባባን በሰዋስው እንዳትገድያቸው።»

መንገዱን በዝግታ ያዙት። ጧት ከቤተ ክርስቲያን ያገኙትን ቀጤማ ሁለቱም ግንባራቸው ላይ አስረውታል፤ ከመድረቁ የተነሣ በየእርምጃው ይንኮሻኮሻል።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።»

«ንገሪኛ።»

ትንሽ ሄዱ። «ኋላ ስናርፍ እነግርዎታለሁ።»

«አንች ልጅ፣ ከተማሪዎችሽም ጋር እንዲህ ነሽ? እስክትጀምሪ ደወሉ ይደወላል እኮ።»

እኩሌታውን ወጥተው መንገደኛ ከሚያርፍበት ሾላ ዘንድ ሲደርሱ አባባ ግንዱን ተደግፈው ተቀመጡ፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ውኃ ይጎንጩ ብላ አልለመነቻቸውም፤ እንደማይቀበሉ ታውቃለች።

«ለበዓሉ አልጻፈም?» አሉ።

«አልጻፈም።»

«ለበዓል ሳይጽፍ ቀርቶ አያውቅም።»

እሌኒ አንድ እጇን በሌላው ላይ አደረገች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ቃሏን አንድ በአንድ እያወጣች፣ «አባባ፣ እሱ እኮ... ሲጽፍልዎ የነበረው እኮ...» አለችና ቀና አለች። አባባ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተኝተዋል። ደረታቸውን ተመለከተች፤ ከፍ ዝቅ ይላል።

ጥቂት ጠበቀች። አልነቁም። ውኃ ሳይጠጡ የቀረውን ዳገት በእግራቸው እንደማይወጡት ገባት፤ አህያ የሚስብ ሰው ያስፈልጋል። ኔትወርክ የሚገኘው ከሾላው በላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ወጥታ ስልኳን አየች፤ ባትሪው ሊሞት ተቃርቧል። ለፀሐዩ መጻፍ ጀመረች። «አባባን ደከማቸው» ብላ ጻፈችና ሰው ይደነግጣል ብላ አጠፋችው። «ተኙ» አለች፤ እሱም ሕመም መሰላት፣ አጠፋችው። በመጨረሻ ጨዋውን ቃል አገኘች።

«አባባ ሾላው ሥር አረፉ። ሰው ላኩልኝ።»

የተማሪ ወረቀት እንደምታርም ደግማ አነበበችው። የፊደል ግድፈት የለበትም። ላከችው፤ ስልኩም ጠፋ።

አባባ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲነቁ ፊታቸው ተመልሷል። «እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው» አሉ። ሰው እስኪመጣ እንጠብቅ ብትላቸው አልሰሟትም፤ «እኔ ሕፃን ነኝ እሚሸከሙኝ? በፍየል መንገዱ እንቆርጣለን» ብለው ቀደሟት። የፍየል መንገዱ ከትራክተሩ መንገድ በሌላው ወገን ነው። እሌኒ መናገሯን ለሚቀጥለው ማረፊያ አሳደረችው። አባባ ደግሞ የሚቀጥለው ማረፊያ ላይ አላረፉም።

ጫፉ ሲቃረብ ድምፅ ሰሙ።

«ቅዳሴ ነው እንዳልል ገና ነው» አሉ አባባ። ጥቂት አዳመጡ። «ልቅሶ ነው። ማን ሞቶ ነው?» እርምጃቸውን አፈጠኑ፤ ልቅሶ ሰምተው ማዝገም አያውቁም።

ከጎጆዋ ደጁ ላይ እስካለው ግራር ድረስ ሸራ ተወጥሯል። የአካባቢው ሴቶች ሁሉ ተሰብስበዋል። የየሰዉ ቀጤማ መሬት ላይ ተጥሎ ተረጋግጧል። በመካከል የአባባ ታላቅ ልጅ አሰፋች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች።

«አባቴ፣ የእንዳልካቸውን ሞት ሳንነግርዎ፣ አባቴ፣ ፋሲካው ይለፍ ስንል፣ ራሱ ሊነግርዎ ወሰደዎት ወይ።»

እሌኒ ያን ጊዜ የጻፈችው ቃል በዓይኗ መጣባት። የጎጆዋን ግድግዳ ያዘች።

መጀመሪያ ያየቻቸው አንዲት ጎረቤት ናት። አፏን ይዛ ባለችበት ቁጭ አለች። ከዚያ አንዱ ካንዱ እያየ ሸራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ የቀረው የአሰፋች ድምፅ ብቻ ነው። እሷም ዝምታው ሲበዛባት ዓይኗን ገለጠች። እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አለሁ» አሉ አባባ።

አሰፋች ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች።

«እኔ አለሁ። እንዳልካቸው ምን ሆኖ ነው?»

በትራክተሩ መንገድ በኩል ፀሐዩና ሦስት ሰዎች ባዶ ቃሬዛ ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። ሾላው ሥር ማንንም ሳያገኙ መመለሳቸው ነው። ፀሐዩ አባቱን ሲያይ የቃሬዛው ጫፍ ከእጁ ወደቀ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«አረፉ ይላል» አለ። «መምህርት፣ አረፉ ብለሽ እኮ ነው የጻፍሽልኝ።»

«ተቀምጠው... ዕረፍት ማለቴ ነበር፣ ጋሼ።»

ከሴቶቹ አንዷን ሳቅ ያዛት፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። አባባ አልሳቁም። ወደ እሌኒ ዞረው ብዙ አዩዋት። ሲያስቡ እንደሚያደርጉት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«እኔን እንቅልፍ ቢወስደኝ አረፉ ብለሽ ጻፍሽ» አሉ ቀስ ብለው። «የሞተውን ደግሞ ደህና ነኝ ይላል እያልሽ አነበብሽልኝ።»

«አዎ።»

«ጽሑፉ ያንች ነው?»

«የኔ ነው፣ አባባ። ሾላው ሥር ልነግርዎ ነበር።»

እሌኒ ዓይኗን ከደረታቸው አላነሣችም። ሾላው ሥር እንዳየችው ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ሐኪሙ የፈራው ነገር አሁን ይመጣል ብላ ጠበቀች። አባባ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆሙ እንጂ አልወደቁም።

ሁለት ጎረምሶች የሸራውን ገመድ መፍታት ጀመሩ።

«ሸራውን ተውት» አሉ አባባ። «ለኔ የወጠራችሁት ለሱ ይሁን።»

«ነገ እኮ ፋሲካ ነው፣ አባባ» አለ ፀሐዩ።

«ፋሲካው ይለፍ እያላችሁ እስካሁን ሳላለቅስለት ቀረሁ። ይበቃል።» ከሸራው ሥር ገብተው ሐዘንተኛ ከሚቀመጥበት መሬት ላይ ተቀመጡ። ግንባራቸው ላይ የቀረውን ቀጤማ ፈትተው አጠገባቸው አኖሩት። ከዚያ ለፀሐዩ እጃቸውን ዘረጉ። «ስልክህን ለሷ ስጣት። እንዳልካቸውን ያሳደገው ወንድሜ ያለው አብርሃ ጅራ ከተማ ነው። እሱም እንደኔ ሲጠብቅ ይሆናል።»

«ለአጎታችን አልነገርናቸውም። ግን መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አባባ።»

«ሳይነገር ከሚቀር ይሻላል። ለወንድሜ ልጅ ትጻፍለት፣ ልጁ ይንገረው። ተቀመጭ፣ አንች።»

እሌኒ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ስልኩን ተቀበለች። ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ቆመ።

«ምን ብለሽ ጀመርሽ?»

«አባቴ እንዳልካቸው፣ ብዬ።»

«እ።»

አባባ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ፤ ድምፃቸው የቁጣም የይቅርታም አልነበረም።

«አረፈ አትበይ» አሏት። «ሞተ በይ።»

እሌኒ ጻፈችው። ዓመት ከአምስት ወር ስትጽፍ ኖራ አንድም ቀን ያልነካቻቸው ሁለት ፊደሎች ነበሩ። ጽፋ ስትጨርስ ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ለአባቷ አለቀሰች።