ሽቦ አይደለም

ትእዛዙማ ይወርዳል፣ እጄ ተነሽ ይላታል ማዕረግ በሆዱ፣ ትከሻውን አልፎ ክንዱ ድረስ ሲደርስ ይታወቀዋል፣ እጁ ግን ወይ ፍንክች። ዕድሜውን ሙሉ የትራክተር ኤሌክትሪክ ሲሠራ፣ ሽቦው ሳይበጠስ፣ አምፖሉ ሳይቃጠል መብራት ሲጠፋ አይቶ አያውቅም።

የሰሊጥ ክምር ሥር የወደቀ መፍቻ ሲፈልግ ነው እባቡ ቁርጭምጭሚቱን የነደፈው። አሁን ፒክአፑ ላይ ተንጋሏል፣ የዓይኑ ቆብ ወርዷል፣ ምላሱ አልታዘዝ ብሏል፣ ጆሮው ግን ሁሉን ይሰማል። የሚጮኹት የእርሻው ባለቤት ጋሼ ፈረደ ናቸው፣ ሞተር ሳይክሉን አስነሡ፣ የካንዴላውን ገመድ ንክሻው ላይ አድርጉለት፣ ኤሌክትሪኩ መርዙን ያቃጥለዋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ! ምን አይተው፣ ሲወራ ሰምተው እንጂ።

ሰይዳ ነግራዋለች። የኮኪት ጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ጄኔሬተሯን ሲጠግንላት፣ ነርቭ ያው ሽቦ ነው አይደል ቢላት ሳቀችበት፣ ሽቦ አይደለም፣ ሽቦ ባትሪው የሰጠውን ያደርሳል፣ ነርቭ ግን በየመንገዱ ጨው እያስገባ መልእክቱን ያድሳል፣ ጫፉም ጡንቻውን አይነካም፣ መሃል ክፍተት አለ፣ የሚሻገረው ኬሚካል ነው፣ አንዳንድ የእባብ መርዝ መቀበያው ላይ ይቀመጥና በሩን ይዘጋል። ኧረ ባክሽ ብሎ ቀልዶባት ነበር። ረታችው። በር ላይ የተቀመጠን መርዝ ካንዴላ ምን ያደርገዋል፣ ሆስፒታል ነው፣ መድኃኒት ነው፣ ቶሎ፣ ትንፋሽም እኮ የጡንቻ ሥራ ነው፣ እግዚኦ፣ ፈርቷል።

ሾፌሩ ባየልኝ አጠገቡ አለ። ማዕረግ ትራክተር ሥር ገብቶ ሲሠራ ባየልኝ ቁልፉን ይዞ ይጠብቃል፣ በሞተር ጩኸት መሃል አይደማመጡም፣ ስለዚህ ማዕረግ ብረቱን በመፍቻ ይመታል፣ አንዴ ከሆነ አስነሣ፣ ሁለቴ ከሆነ አጥፋ።

ቀለበቱ። ቀለበት ያጠለቀበት ጣቱ የፒክአፑ ብረት ላይ ነው። በል እንጂ፣ ሞተር ሳይክሉ ተነሥቷል፣ ገመዱ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ደርሷል፣ ትእዛዙ ይወርዳል፣ በሩ ላይ ይቆማል፣ ትንሽ ሾልኮ ያልፋል። ቀጭ። እንደገና። ቀጭ።

ቆይ! ይላል ባየልኝ፣ አጥፉት እያለ ነው!

ማን ነው እያለ ያለው፣ ሰውየው በድን ሆኗል እኮ።

ማዕረግ ነዋ ጋሼ! ማዕረጌ፣ ሆስፒታል ልውሰድህ? መኪናዋን ላስነሣት?

አንዴ። አንዴ ብቻ፣ ጣቱ እምቢ ይላል፣ ይልከዋል፣ እምቢ፣ እንደገና ይልከዋል፣ አየር እያጠረው ነው፣ ሂድ፣ ሂድ፣ እባክህ

ቀጭ።

በሩ ድው ይላል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ንዝረቱ በጀርባው ገብቶ እላይ ድረስ ይወጣል፣ ይሄኛው መስመር ደህና ነው፣ ማዕረግ ንዝረቱን እየሰማ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይተነፍሳል።