የአማቼ ፈጣን መድኃኒት

የእህቴ ባል የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንድ ትልቅ ሰርቨር ከፋፍለን ለደንበኞች እናከራያለን። ሰሞኑን ታዲያ ሰርቨሩ በየጊዜው ቀጥ እያለ ተከራዮቹን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። ዛሬም ወደቀ። እኔ ምን እንደነካው ሳላውቅ አማቼ፣ «ሰርቨሩን የሚከፋፍለው ሶፍትዌር ቀዳዳ አለበት። አንዱ ተከራይ የተበላሸ ትእዛዝ ከላከ ሁሉንም ይጥላል። ማስተካከያው እጄ ላይ ነው» አለኝ።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ተወኝ ባክህ፣ ይልቅ የደንበኞቹን ስልክ አንሳ!»

ማስተካከያውን ጫነ፤ ሰርቨሩ ተነሣ። አለቃችን አቅፎ ሳመው። እኔ ግን ነገሩ ስላልጣመኝ ለእህቴ ደውዬ፣ «ባልሽን ጠርጥሪ» አልኳት።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም!» ብላ ዘጋችብኝ።

ከሰዓት የሶፍትዌሩ አምራች መግለጫ አወጣ። ቀዳዳውን አግኝቶ ስለጠቆመ የተመሰገነው አማቼ ነው! እህቴ መልሳ ደወለች። «አሁንስ አፈርክ?»

ምን አሳፈረኝ! ለመሆኑ ቀዳዳውን የማን ሰርቨር ላይ እየሞከረ ነው ያገኘው?