የአለቃው ምድጃ

ጣሊያን ባሕር ዳር በገባ በሦስተኛው ዓመት ቡርሀን ጀልባ መሥራቱን በግድ አስትተውት፣ ጣና ዳር በተተከለው የእንጨት መሰንጠቂያ አሠማሩት። መጋዙን የሚያዞረው ሞተር ከጀነሬተሩ በሦስት ሽቦ ነበር ኃይል የሚያገኘው። ወልደ ገብርኤል የሚባል የአስመራ መካኒክ ወደ ጎንደር ከመዛወሩ በፊት ነገሩን አስረድቶታል፦ «በየሽቦው ኤሌክትሪኩ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ እያለ ተራ በተራ ይመጣል። ሦስቱ ሞገዶች እኩል ከሆኑ ሞተሩ በሰላም ይዞራል። አንዱ ካነሰ ግን ያጓራል፣ ይግላል፣ ኋላም ይቃጠላል።»

አንድ ሰኞ ጧት ሞተሩ ማጓራት ጀመረ። ቡርሀን ጎኑን ቢዳስሰው እጁን ለበለበው። ምክንያቱ አልጠፋውም፤ አለቃው ብሩኖ ለቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስመጥቶ ከሦስቱ ባንደኛው ሽቦ ላይ ቀጥሎት ነበር።

«ጌታዬ፣ ምድጃዎ ያንዱን ሽቦ ሞገድ አሳነሰው። ሞተሩ ሊቃጠል ነው» አለው።

ብሩኖ በጥፊ አጮለው። «አንተ ነህ እኔን የምታስተምር? ሥራህን ሥራ!»

እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተሩ ጨሰና ቆመ። ብሩኖ «ሆን ብሎ ነው ያቃጠለው!» ብሎ ጮኸ፤ ሃያ አምስት ጅራፍም አስፈረደበት። ቡርሀን በያንዳንዱ ግርፋት «ነገርሁህ! ነገርሁህ!» ይል ነበር። ጌታዬ ማለቱ ያን ቀን ቀረ።

በሳምንቱ አንድ መሐንዲስ ከጎንደር አዲስ ሞተር ይዞ መጣ። ሽቦዎቹን ለካ፤ የተቀጠለውን ተከትሎም እስከ ብሩኖ ወጥ ቤት ደረሰ።

«ምድጃህ ነው ሞተሩን ያቃጠለው፤ ሠራተኛህ እውነቱን ነበር» አለ።

«ሞተሩ አርጅቶ ነበር ብለህ ጻፍ» አለው ብሩኖ እየሳቀ። መሐንዲሱም ጻፈ። ስለ ጅራፉ ያነሣ የለም።

«በል አስነሣው!» አለ ብሩኖ ወደ ቡርሀን ዞሮ።

ጣሊያንኛ የለመደው ቡርሀን ሁሉንም ሰምቷል። ደሙ ፈላ። «መጀመሪያ የምድጃህን ሽቦ ቁረጥ። በገዛ እጅህ፣ ሁላችን ፊት።»

ሠራተኞቹ የተሸከሙትን ግንድ አወረዱ። ብሩኖ ጅራፉን አነሣ፤ መሐንዲሱ ግን «ሌላ ሞተር የለኝም፤ ቁረጠው!» ብሎ ጮኸበት። ብሩኖ ፊቱ ቀልቶ በፒንሳ ቆረጠው።

ሞተሩ ያለ አንዳች ማጓራት ዞረ።

«አሸነፍኸው እኮ!» አለ ባልደረባው ኢስሀቅ።

«ምኑን አሸነፍሁ?» አለ ቡርሀን፤ ሸሚዙ ቁስሉ ላይ ተጣብቋል። «ባንድ ፒንሳ ለሚያልቅ ነገር ነው ጀርባዬን የተለተሉት!»

የእጁን መጥረጊያ ጨርቅ መሬት ላይ ወርውሮ ወደ ሐይቁ ወረደ። ብሩኖ ስሙን እየጠራ ሲደነፋ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ወደ ጎርጎራ የምትነሣ ታንኳ ላይ ወጣና መቅዘፊያ ያዘ፤ ዳግመኛም ለጣሊያን አልሠራም።