ዙበይዳ «ስሙት» ያለችው

ዙበይዳ «ይሄን ስሙ» ካለች ጎንደር ይሰማል። ይህን የሚሉት ቅዳሜ ገበያ ያሉ ጨርቅ ሻጮች ናቸው እንጂ እሷ ራሷ አይደለችም። ከሃያ ዓመት በላይ በስፌት መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ የሴት ቀሚስ ስትሰፋ እጇ ሥራ ነበረው፤ ጆሮዋ ግን ሥራ ፈት ነበር። እሷ ደግሞ ሥራ ፈት አትወድም። መጀመሪያ ሬዲዮ ከፈተችለት፣ ቀጥሎ ካሴት፣ ቀጥሎ ሲዲ። አሁን በ2010 ዓ.ም. ትረካው፣ ክርክሩ፣ የሐኪም ምክሩና የሽማግሌ ጨዋታው ስልኳ ውስጥ ታጭቆ ሚሞሪው አልበቃ ብሏታል።

ለራሷ ብቻ ሰምታ ዝም አትልም። ቀሚስ ልታሳጥር የመጣችውን ሁሉ ይዛ «አንቺ ልብስ ስታጥቢ ምን ትሰሚያለሽ?» ትላለች። ለሹፌር ረጅሙን፣ ለአራስ የሚያስቀውን፣ ለሐዘንተኛ ቀስ ብሎ የሚያወራውን ትመርጣለች። «ካልወደድሽው መጥተሽ ስደቢኝ» ብላ በብሉቱዝ ትልክላታለች። እስካሁን ሊሰድብ የመጣ ሰው የለም። አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ እስከ መጨረሻው ያልሰማችውን ለማንም አትሰጥም። ሩቡን ሰምቶ «አሪፍ ነው» የሚል ሰው ያበሽቃታል። «ሳይቀምሱ ሰው ማጉረስ ምን የሚሉት ነው!» ትላለች።

ወንዴን ያመጣባትም ይኸው በሽታዋ ነው። ወንዴ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ቢሮ የሚሠራ ወጣት ነው። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ከስልኳ የሚወጣውን ድምፅ ሰማና «እትዬ ዙበይዳ፣ እኔም እኮ ፖድካስት እሠራለሁ» አላት።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?»

«ያው እንደ ሬዲዮ ነው። ሰው ከኢንተርኔት አውርዶ ደስ ባለው ሰዓት ይሰማዋል።»

«ከዛፉ ሥር» ይለዋል። ገጠር ለገጠር እየዞረ የሰዉን ጨዋታ ይቀዳና ሙዚቃ አስገብቶበት፣ በመሀል በራሱ ቀልድ እያዋዛ ያቀርበዋል። ያኔ አርባ ሰው እንኳ አይሰማውም ነበር። ዙበይዳ ስምንቱን ክፍል በሦስት ቀን ጨርሳ «ይሄ ልጅ ጉድ ነው!» አለች። ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይወራል። ሁለት ወር ሳይሞላ ከኮላ ድባ እስከ ማክሰኝት «ከዛፉ ሥር» የሌለበት ስልክ ጠፋ። ወንዴ በሱቋ ደጃፍ ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ «እርስዎ ባይኖሩ ማን ያውቀኝ ነበር» ይላታል። እሷም ደስ ይላታል፤ ለምን ይዋሻል።

ከዚያ ዘጠነኛው ክፍል መጣ። ርእሱ «ድንጋይ የተሸከመው ባል» ነው። ሚስቱን መትቶ ያባረረ ገበሬ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ይቅርታ ሲለምን ይሰማል። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ይቆማል። የተበደለው ሰው እስኪምረው ድረስ አያወርደውም። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ድንጋዩን ተሸክሞ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። «ጨለማ እፈራለሁ» ይላል። «ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ማደር አልችልም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መብራት ሳላጠፋ ነው የማድረው» ይላል። ባለቀሰ ቁጥር ወንዴ የአህያ ጩኸት አስገብቶበታል። ስም ሲጠራ ደወል እያስጮኸ ሸፍኖታል። በመጨረሻም «እንግዲህ ባሎች፣ አንገታችሁን አጠንክሩ!» ብሎ በእስክስታ ሙዚቃ ይዘጋዋል። ዙበይዳ ስትስቅ መርፌው ጣቷን ወጋት። እየሳቀች ደሟን ጠርጋ ለሰው ሁሉ መላክ ጀመረች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አበቡ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። አበቡ ከማክሰኝት ወጣ ብላ የምትኖር የገበሬ ሚስት ናት፤ አሥር ዓመት ሙሉ ለሌላ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሰጥታ አታውቅም። ዙበይዳ ባሏን አይታው አታውቅም። አበቡ ባለፈው ክረምት ከቤቷ ወጥታ እናቷ ዘንድ እንደከረመች፣ ከዚያም እንደታረቀች ግን ሰምታለች። ምክንያቱን አልጠየቀቻትም።

«ነይማ፣ ነይማ» አለቻት ዙበይዳ ኢርፎኑን ጆሮዋ ላይ እየሰካችላት። «ሆድሽን ይዘሽ ነው የምትስቂው!»

አበቡ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ፈገግታዋ ብዙ አልቆየም። ዙበይዳ «ቆይ፣ አሁን የሚያስቀው ይመጣል» እያለች ፊት ፊቷን ታያታለች። አበቡ ሳትንቀሳቀስ እስከ እስክስታው ሰማችና ኢርፎኑን ነቅላ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የሻው ነው» አለች።

«የቱ የሻው?»

«የኔው ነዋ! ባሌ!»

አበቡ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ሽማግሌዎቹ ተማምለው ነው የተነሡ፤ እዚያ የተባለ ለሚስት እንኳ አይነገርም ተብሎ። ምሎ ለሚጠብቅ ሰው ነው እንጂ የሻው ለማን ያለቅሳል? ጨለማ እፈራለሁ ሲል እኔ ራሴ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ይሄ ነገር ከዚህ ከወጣ ሁመራ ወርጄ እቀራለሁ፣ አገር ፊት አልቆምም ብሏል። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው» አለች። ከዚያ «ስንት ሰው ሰጠሽው?» ብላ ጠየቀች።

ዙበይዳ አታውቀውም። እሷ የሰጠቻቸው ደግሞ ለስንት እንደሰጡ ማን ያውቃል። አበቡ ቀሚሷን ሳትወስድ ወጣች።

ዙበይዳ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ እንኳ ሳታለብስ ሱቁን ዘጋች። ሰዓቱ ገና ስድስት አልሞላም። ጎረቤቷ ባለክሩ ጃቢር «ምነው፣ ሰው ሞተ?» ሲላት «ገና ነው!» ብላው አለፈች። ወደ ማራኪ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተናድዳ ገባች። ያ አላህ፣ የሰው ለቅሶ ላይ አህያ! እሷም ሰምታ ሳቀች! ከሳቁ ይልቅ ያቃጠላት መሳቋን መናገሯ ነው። ለአገሩ ሁሉ «ይሄ ያስቃል» ብላ ነገረች።

ወንዴ ለምሳ ቤቱ ገብቶ አገኘችው። በሩን ሲከፍት ፈገግ አለ፤ ፊቷን ሲያይ ፈገግታውን ሰበሰበ።

«ዘጠነኛውን ከየት አመጣኸው?»

«ምነው፣ አልወደዱትም?»

«ከየት አመጣኸው አልኩህ!»

ነገሩ ወጣ። የሻውንና አበቡን ካስታረቁት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ አያ ኃይለ ማርያም አጎቱ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ እጃቸውን ይዞ የሄደው ወንዴ ነበር። እነሱ ሲማማሉ እሱ ከኋላ ተቀምጦ ስልኩ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይቀዳ ነበር። አጎቱ አያውቁም።

«እኔ እኮ አልማልሁም፣ እትዬ ዙበይዳ። ስሙንም ሸፍኜዋለሁ። ደግሞ ለትምህርት ነው፤ ሴት መምታት መጥፎ መሆኑን...»

«አህያውም ለትምህርት ነው?»

ወንዴ የበሩን እጀታ ይነካካ ጀመር።

«ምን ያስተምራል አህያው? እስቲ ንገረኝ፣ እኔ ደንቆሮዋ ልማር!»

«አጠፋዋለሁ በቃ፤ አሁኑኑ ከኢንተርኔት አነሣዋለሁ» አለና ስልኩን አወጣ። ከዚያ እሱም ተናደደ መሰለኝ ድምፁ ከፍ አለ። «ግን ሁሉን በኔ ላይ አያድርጉት። እኔ እኮ አርባ ሰው ነበረኝ። ለአገሩ ሁሉ ያደለው ማን ሆነና?»

በጥፊ ልትለው የተነሣ እጇ መንገድ ላይ ቀረ። እውነቱን ነዋ። እውነት መሆኑ ነው የባሰ ያናደዳት።

«ጫማህን አድርግ» አለችው።

«ወዴት?»

«ማክሰኝት። አሁን። አንተ ያንተን ትላለህ፣ እኔም የኔን እላለሁ።»

የማክሰኝቱ ሚኒባስ ገና ከከተማ እንደወጣ ሹፌሩ ስልኩን ከቴፑ ጋር አገናኘው። የአህያው ጩኸት መኪናውን ሞላው። ኋላ ወንበር የተቀመጡት ሁለት ነጋዴዎች ከሳቃቸው የተነሣ ተደጋገፉ። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቷት «ይቺ ናት የሰጠችኝ! ዙበይዳ ስሙ ካለች ስሙ ነው!» አለ።

«ዝጋው!» አለች ዙበይዳ።

«ኧረ መጨረሻው ነው የሚያስቀው...»

«ዝጋው አልኩህ፣ አንተ የማትረባ! ሰው እያለቀሰ ነው!»

ሹፌሩ ደንግጦ ዘጋው። ወንዴ በመስኮቱ ውጪ ውጪውን ሲያይ ሄደ።

የአበቡ ቤት ከአስፋልቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሲደርሱ አበቡ ደጃፉ ላይ ቆማለች። የሻው በረንዳው ላይ ተንበርክኮ የማዳበሪያ ከረጢት አፍ በገመድ ያስራል። ጠየም ያለ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው። በዚያ ትከሻ ያን ለቅሶ ተሸክሞ ነበር ብሎ የሚያምን የለም።

«ጠዋት ወፍጮ ቤት ሰምቶታል» አለች አበቡ። «የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ነው "አያ የሻው፣ ይሄን ካልሰማህ ምን ሰማህ" ብሎ የከፈተለት። የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቀም።»

ዙበይዳ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም። አጥሩ ሥር ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን፣ ሁለት እጅ የሚፈልገውን፣ አነሣች። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ አንገቷ ላይ አደረገችውና ጎንበስ አለች።

«በስመ አብ!» አለ የሻው ከረጢቱን ትቶ። «ምን ሆንሽ፣ አንቺ ሴትዮ?»

«ዙበይዳ ነኝ፣ የአበቡ ልብስ ሰፊ። በእርስዎ ለቅሶ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ስሙት ብዬ ለአገር ያደልሁትም እኔ ነኝ። ይማሩኝ።»

የሻው ቀረብ ብሎ አያት። አንገቷ ይቃጠል ጀመር።

«እስከ መጨረሻው ሰምተሽዋል?» አለ።

«ወላሂ፣ እስከ መጨረሻው! ያልጨረስሁትን ለሰው አልሰጥም።»

«እንዲያ ከሆነ አበቡ ያደረገችውን ሰምተሻላ።»

ዙበይዳ ግራ ገባት። ከድንጋዩ ሥር ሆና ክፍሉን ከመጀመሪያው እስከ እስክስታው በልቧ አሰበችው። «አበቡ የለችበትም» አለች። «የሴት ድምፅ የለበትም።»

የሻው ወደ ወንዴ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ያወቀው። «አንተ የአያ ኃይለ ማርያም የወንድም ልጅ አይደለህም? እሳቸውን ይዘህ የመጣኸው?»

«ነኝ» አለ ወንዴ።

«አበቡ ድንጋዩን ከአንገቴ አንሥታ የራሷ አንገት ላይ አደረገችው» አለ የሻው። «"እኔም ልጆቹን ጥዬልህ ሄጃለሁ፤ አንተ ብቻ አይደለህም የበደልህ" አለች። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ፤ ያንተም አጎት አለቀሱ። እዚያው ነበርህ። ምነው እሱን አላሰማኸውም?»

«ረዝሞብኝ ነው» አለ ወንዴ።

«ስንት ነው የረዘመው?»

«ሦስት ደቂቃ... አያስቅም ነበር።»

ዙበይዳ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ጆሮዋ ስትመካ ኖራለች። እስከ መጨረሻው እሰማለሁ እያለች የሌላውን ሰው ጆሮ ስትንቅ ኖራለች። ይሄ ልጅ መጨረሻ ብሎ የሰጣትን ተቀብላ ሄደች። እንዲህ ተናድዳ አታውቅም፤ በሱ ይሁን በራሷ መለየት አቃታት። ድንጋዩን ወርውራ ልትፈነክተው ምንም አልቀራትም።

አበቡ ቀድማ መጣች። ድንጋዩን ከዙበይዳ አንገት በሁለት እጇ አነሣች። መሬት ግን አላስቀመጠችውም። ወንዴ ፊት ሄዳ ቆመች። እሱም ምንም ሳትለው ጎንበስ አለ፤ አንገቱ ላይ ጫነችለት።

«የኛ እንዳንተ ቅጂ አይቆረጥም» አለችው። «እስከ መጨረሻው ትሸከመዋለህ።»

ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። አንዷ ከሩቅ ሳቀች። ወንዴ ሳቁን ሲሰማ ጆሮው ድረስ ቀላ። ዙበይዳ አንገቷን እያሸች ታየዋለች፤ አላሳዘናትም። ይሳቁበት! ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«አያ የሻው» አለ በታፈነ ድምፅ፣ «እስከ መቼ ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ የሻው። «እኔ ስሸከም የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

ከዚያ ወደ ከረጢቱ ተመልሶ ተንበረከከ። ዙበይዳም አበቡም ሊሄድ ነው ብለው አዩት። ያሰረውን ገመድ ያዘ። አጥብቆት ስለነበር በጥርሱ ነው የፈታው። እጁን አስገብቶ ለመንገድ የያዘውን ጋቢ አወጣ፣ አራት አጠፈው፣ ወደ ወንዴ ሄደ። ድንጋዩን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ጋቢውን አንገቱ ላይ አነጠፈለትና መልሶ ጫነበት።

«አንገት ይልጣል» አለ። «አውቀዋለሁ።»

ባዶ ሊሆን የቀረበውን ከረጢት አንሥቶ ወደ ቤት ገባ። አበቡ ተከትላው ገባች። ወንዴ ከጋቢው ሥር ማልቀስ ጀመረ፤ አጥሩ ላይ ያሉትም መሳቅ አቆሙ። ዙበይዳ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ሲጮህ ሰማች። ደንበኛ ነው፤ ምን ልስማ ሊላት ነው። አላነሣችውም። ልጁ ለቅሶውን እስኪጨርስ ድረስ እዚያው ቆማ ሰማችው።