ከገደሉ ሥር የቆመችው ሰው

ገደል ብቻውን ፎቶ ሲነሳ ቁመቱ አይታወቅም። የአጥር ያህል ይሁን የፎቅ ያህል፣ ፎቶው አይናገርም። ስለዚህ የጂኦሎጂ ተማሪ ከድንጋዩ አጠገብ ልኩ የታወቀ ነገር ያስቀምጣል፤ ለትንሹ መዶሻ፣ ለትልቁ ሰው ያቆማል። በእኛ ክፍል ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የማስተርስ ተማሪዎች ስንጀምር ስምንት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ነበርን። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ የሴቶች ቁጥር ካምናው በእጥፍ አደገ ብሎ በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦለታል። ሁለተኛዋ ልጅ በመንፈቁ ወደ ማቴሪያል ሳይንስ ተዛወረች። እዚያ ቢያንስ ጣሪያ ሥር ነው የሚሠራው፣ ብረቱም ሴራሚኩም ጠረጴዛሽ ድረስ ይመጣልሻል አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ ግን ስብሰባ የጠራ የለም።

መስክ ስንወጣ ልጆቹ እስቲ አንቺ ቁሚልን ይሉኛል። ክፋት የለባቸውም፤ ውሃቸውን ያካፍሉኛል፣ ሻንጣዬን ይሸከሙልኛል። ሥራው ሁለት ሁለት ሆኖ ሲከፈል ግን ስምንቱ እርስ በርስ ይጣመሩና እኔ ትርፍ እሆናለሁ። አንዱ ቀልደኛ “ሜትር” የሚል ስም አወጣልኝ፣ ተለጠፈብኝ። በስምንቱም የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ አለሁ፤ ጥፍር አክዬ ከገደል ሥር ቆሜያለሁ። ከፎቶው በታች “ለማነጻጸሪያ የቆመው ሰው ቁመት አንድ ሜትር ከስልሳ” ይላል።

የኔ ተራ ሲደርስ ሁሉም ወደ መጻፉ ገብተው ነበር። የኔ ገደል ደግሞ ሩቅ ነው። የወሰደኝ ሹፌር መኪናዬን ጥዬ ንቅንቅ አልልም አለ። ምን ላድርግ፣ መዶሻዬን ከገደሉ ሥር አቁሜ፣ ሸለቆውን ተሻግሬ ከማዶ አነሳሁት። መዶሻው በፎቶው ላይ ይታየኝ ነበር። የት እንዳቆምኩት ስለማውቅ ነው መሰለኝ።

ጽሑፌን ያቀረብኩ ዕለት ፈታኙ መዶሻው የታለ አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ አየ፣ መልሶ አድርጎ አየ። የድንጋዩን ንብርብሮች ውፍረት ያወጣሽው ከዚህ ፎቶ ነው፤ ማነጻጸሪያው ካልታየ ሥራሽ ሁሉ ግምት ነው አለ። ደግነቱ ወይም ክፋቱ፣ እውነቱን ነበር። እስከ ዓርብ ሌላ ፎቶ ካላመጣሁ ዘንድሮ አልመረቅም። ካሜራውን አጥምጄ ራሴ እንዳልቆም መሀል ላይ ሸለቆ አለ።

ለሁሉም ደወልኩ። አንዱ ማዕድን ማውጫ ተቀጥሮ ርቋል፣ አንዱ ሚስቱ ወልዳለች፣ ቀልደኛው ደግሞ ሜትርዬ ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ አለኝ። ከልቡ ነው ያዘነው። ስልኩን ዘግቼ ሆድ ባሰኝና አለቀስኩ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ልጇ ድንጋይ ለመማር ይህን ሁሉ ዓመት መፍጀቷን እስከዚያ ቀን አልተቀበለችውም፤ ጎረቤት ሲጠይቃት ሳይንስ ነው ብላ ወሬውን ትቀይራለች። ለቅሶዬን ሰምታ ከስፌት መኪናዋ ተነሳችና ምን ሆነሽ አለችኝ። ነገርኳት። መቆም ብቻ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። መቆም ብቻ ነው አልኳት። የልክ መውሰጃዋን ከአንገቷ አውርዳ ሰጠችኝና ግድግዳውን ተደግፋ ቀጥ አለች። ዕድሜ ልኳን ቁመታችን እኩል ነው ስትል ኖራለች። ስለካት ግን ከኔ አጥራ ነበር። ቁመቷን ጻፍኩት።

በማግስቱ በአውቶቡስ ሄድን። ሩቅ እንዲታይ ቀይ ሹራቧን ለብሳለች፣ ፎቶ ነው ብላ ፀጉሯንም ተሠርታለች። ከገደሉ ሥር አቆምኳትና እጄን ካነሳሁ እስከማወርድ እንዳትነቃነቂ ብያት ሸለቆውን ተሻገርኩ።

ማዶ ሆኜ በካሜራው ስፈልጋት አጣኋት። ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ከዚያ አንዲት ቀይ ነጥብ። እጆቿን ከጎኗ አድርጋ እንዳዘዝኳት ቀጥ ብላለች። ከዚያ ቀን በፊት እኔን ከዚህ ማዶ ሆኜ አይቼ አላውቅም ነበር።

አንስቼ ተመለስኩ። አሁንም እንደቆመች ነው።

“እማ፣ ጨረስን እኮ። ምነው አልተቀመጥሽ?”

“እጅሽን ስታወርጂ መች አየሁሽ። ከዚህ ምንም አትታዪም።”

ጉልበቷን እያሻሸች ተቀመጠች። ወደ ማዶ አየች።

“ልጆቹ እንዲህ ነበር የሚያቆሙሽ?”

“አዎ።”

“ላንቺስ ማን ይቆምልሽ ነበር?”

ካሜራዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

“እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት” አለች በመጨረሻ፣ “የጠላሁት ድንጋዩን ነበር።”

ዓርብ ፈታኙ አየው፣ ፈረመልኝ። አማካሪዬ ግን ከፎቶው በታች የጻፍኩትን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። “ለማነጻጸሪያ የቆመችው እናቴ” ይላል፣ ከነቁመቷ። እንዲህ ተብሎ አይጻፍም፣ “ሰው” በይውና ይለቅ አለኝ። በሌሎቹ ላይ “ሰው” ሆኜ ስምንት ጊዜ ቆሜያለሁ፣ ይበቃል አልኩት። እናቴ እናቴ እንደሆነች ታተመች።